ሚዛን፣ ካርድና ምክር
(ስለ አመጋገብ ሕክምና አሠራር አጭር የታሪክ ጥናት)

መግቢያ

ሰው በሚበላው ነገር እንደሚታመምና በሚበላው ነገር እንደሚድን ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ የታወቀ ነው። በአገራችንም ለአራስ ገንፎና አጥሚት መስጠት፣ ለደከመ በሽተኛ መረቅ ማጠጣት፣ ለሕፃን የእህሉን ዐይነት መምረጥ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ስለ ምግብ ማወቅም ሆነ ስለ ምግብ መምከር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የምግብ ምክር እንደ ማንኛውም ሕክምና መነሻና መድረሻ ያለው፣ በጽሑፍ የሚያዝና ውጤቱ ተመዝኖ የሚታወቅ ሥራ መሆን አለበት የሚለው አሳብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣና በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ነው። ጥናቱን ስንጀምር በልባችን የነበረው ጥያቄ አጭር ነበር። ምግብ ባለበት ቤት፣ ስለ ምግብም የተማረ ሰው ባለበት ሆስፒታል፣ በሽተኛ በምግብ እጦት የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው? ታሪኩን ስንመለከተው ጉዳቱ በብዙ ቦታ የመጣው ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን በየቀኑ ወደ በሽተኛው የሚያደርስ ሥርዓት ከመታጣቱ መሆኑን እናገኛለን። ይህንንም ከዚህ በታች በየዘመኑ እያየን እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

1. ዕውቀት ያለ ሥርዓት

በመጀመሪያ የምናነሣው የጄምስ ሊንድን ሥራ ነው። ሊንድ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ የስኮትላንድ ሐኪም ነው። በ1747 ሳልስበሪ በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ስከርቪ በሚባለው በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን መርጦ በስድስት ጥንድ ከፈላቸው። ስከርቪ ድድን የሚያደማ፣ ጥርስን የሚያወልቅ፣ ጉልበትን የሚያዝልና በመጨረሻም የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ መንሥኤው ዛሬ ቪታሚን ሲ ብለን የምንጠራው ነገር ከምግብ ውስጥ መታጣቱ ነው። ሊንድ ለሁሉም አንድ ዐይነት ምግብ እየሰጠ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ግን የተለየ ነገር ጨመረ፤ ለአንዱ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለአንዱ ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ፣ ለሌሎቹም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ ከበሉት ከሁለቱ አንደኛው በስድስተኛው ቀን ለሥራ ብቁ ሆኖ ተነሣ።

የሊንድ መጽሐፍ በ1753 ታተመ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ በመርከቦች ላይ እንዲታደል ያዘዘው ግን በ1795 ነው። በመካከሉ 42 ዓመት አለፈ፤ በእነዚህም ዓመታት ብዙ መርከበኞች መድኃኒቱ በታወቀ በሽታ አለቁ። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ሊንድ ራሱ ጭማቂው ለረጅም ጉዞ እንዲቆይ በእሳት ላይ ተኖ እንዲወፍር መምከሩ ነው። እሳቱ የጭማቂውን ኃይል ያጠፋል። የወፈረው ጭማቂ ለበሽተኞች ሲሰጥ ውጤቱን እንደ ገና በጥንድ እየለየ የሚያይ፣ ካልጠቀመም ወደ ኋላ ተመልሶ ምክንያቱን የሚጠይቅ የተደነገገ አሠራር አልነበረም። አንድ ጊዜ በትክክል የተመዘነው ነገር ሁለተኛ ሳይመዘን ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የክሪሚያ ጦርነት ነው። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል 38 አስታማሚ ሴቶችን ይዛ በኖቬምበር 1854 በኢስታንቡል አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ ለቁስለኞቹ የሚሆን ሥጋ ጨርሶ ያልነበረ አይደለም። ነገር ግን የየክፍሉ ሥጋ ምልክት እየታሰረበት በአንድ ትልቅ ጋን ውስጥ ይቀቀል ነበርና የአንዱ ሳይበስል የሌላው ይበሰብሳል። የሥጋው ድርሻ ከነአጥንቱ ይመዘን ስለ ነበር ለአንዱ ቁስለኛ ሥጋ ሲደርሰው ለሌላው አጥንት ብቻ ይደርሰዋል። በሆዱ ሕመም የደከመውም ወታደር ጠንካራ ሥጋ እንደ ጤነኛው ይቀርብለታል። ናይቲንጌል ለደካሞች ብቻ የሚያበስሉ ልዩ ወጥ ቤቶችን አቋቋመች፤ በ1855ም አሌክሲስ ሶዬር የሚባለው ስመ ጥር ወጥ ሠሪ መጥቶ የአበሳሰሉን ሥራ አስተካከለ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1859 ባሳተመችው ስለ ማስታመም በሚናገረው መጽሐፍ ናይቲንጌል ሁለት ምዕራፍ ለምግብ ሰጥታለች። የዚያ ትምህርት ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በሽተኛ በጥጋብ መካከል ሊራብ ይችላል፤ ምክንያቱም ምግቡ መቅረቡን እንጂ መበላቱን የሚመለከት የለም። እንግዲህ አስታማሚ ሰዓቱን፣ መጠኑንና የተረፈውን ሁሉ ልታስተውል ይገባታል። ይህ ዛሬ ክትትል የምንለው ነገር መነሻ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

2. ሚዛኑ ወደ በሽተኛው ማዕድ መግባቱ

ከዚህ በኋላ የአመጋገብ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ወደ መሆን አዘነበለ። በአሜሪካ በ1917 በክሊቭላንድ ከተማ ሌና ኩፐርና ሉሉ ግሬቭስ የተባሉት ሴቶች የአሜሪካን የአመጋገብ ባለሙያዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ግሬቭስም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበር የማኅበሩ ዋና አሳብ ለሕዝብና ለጦር ሠራዊት ምግብን ማብቃቃት ነበረ። በሆስፒታልም የባለሙያዋ ሥራ በአብዛኛው የወጥ ቤቱን አስተዳደር መምራትና ሐኪሙ ያዘዘውን ምግብ ማዘጋጀት ነበር። በሽተኛው ምን እንደ ጎደለው የሚፈርድ ሐኪሙ እንጂ እርሷ አልነበረችም።

ይህን አቋም መለወጥ የጀመረው የስኳር በሽታ ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ለዚህ በሽታ የነበረው ሕክምና ምግብ ብቻ ነበር። ፍሬድሪክ አለን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም በ1915 አካባቢ ያስፋፋው ዘዴ በሽተኛው ሽንቱ ከስኳር እስኪጠራ ድረስ እንዲጾም፣ ከዚያም ምግቡ ጥቂት በጥቂት እየተመዘነ እንዲጨመርለት የሚያደርግ ነበር። አሠራሩ እጅግ የመረረ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ከስኳሩ ቢተርፉም በርኅብ መንምነው ይሞቱ ነበርና። ቢሆንም በዚህ መራራ ሕክምና ውስጥ አንድ ቁም ነገር ተገኘ። ምግብ በግራም ይመዘናል፤ የዕለቱ ልኬት ይጻፋል፤ ሽንቱ ይመረመራል፤ የነገው ምግብ በዛሬው ውጤት ይወሰናል።

በቦስተን ኤሊየት ጆስሊን የሚባለው ሐኪም ይህን ሥራ ከሆስፒታሉ አልጋ አውጥቶ ወደ በሽተኛው ቤት አደረሰው። በ1918 ባወጣው መጽሐፍ ሐኪምና በሽተኛ በጋራ የሚጠቀሙበትን መመሪያ አዘጋጀ። በጆስሊን አሳብ የስኳር በሽተኛ ምክር ሰሚ ብቻ ሳይሆን የራሱን ሚዛን የሚይዝ፣ ሽንቱን የሚመረምር፣ መዝገቡን የሚጽፍ የሕክምናው ተካፋይ ነው። በጃንዋሪ 1922 በቶሮንቶ ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ በተወጋ ጊዜም ይህ ትምህርት አልተሻረም። እንዲያውም መርፌው ከምግቡ ጋር ካልተመዛዘነ ይገድላልና የምክሩ ዋጋ ጨመረ።

ነገር ግን ሁሉን በግራም መመዘን ለብዙ ቤተ ሰብ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ በ1950 የአመጋገብ ባለሙያዎቹ ማኅበር፣ የስኳር በሽታ ማኅበሩና የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ተባብረው የምግብ መለዋወጫ ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ ምግቦችን በስድስት ወገን፣ ማለትም በወተት፣ በአትክልት፣ በፍራፍሬ፣ በዳቦ፣ በሥጋና በቅባት ከፍሎ በአንድ ወገን ውስጥ ያሉት በተወሰነ መጠን እርስ በርሳቸው እንዲለዋወጡ ፈቀደ። ይህም ምክሩን ከሐኪም ትእዛዝ ወደ ቤት እመቤት ቋንቋ መለሰው። ሆኖም ከዚህ ጋር አንድ ጉድለት ገባ። ዝርዝሩ ታትሞ ለሁሉም የሚታደል ወረቀት ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን መስጠት ምክር እንደ መስጠት ይቈጠር ጀመር። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ምን እንደ ሆነ ተመልሶ የሚጠይቅ በብዙ ቦታ አልተገኘም።

3. በሆስፒታሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው አጽም

በ1974 የታተሙ ሁለት ጽሑፎች ይህን ጉድለት በአደባባይ አወጡት። አንደኛው በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪም ቻርልስ ባተርወርዝ የጻፈው ነው። ጽሑፉን በሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው አጽም ብሎ ሰየመው፤ ይህም ቤተ ሰብ የሚደብቀውን ነውር ለማመልከት ነው። ባተርወርዝ የመረመረው የድኻ አገር ሆስፒታል አልነበረም። ምግብ በተትረፈረፈበት፣ መሣሪያ በሞላበት፣ ሐኪሙ በተማረበት አገር በሽተኞች በሆስፒታሉ አሠራር ምክንያት እየተራቡ መሆናቸውን አሳየ።

ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ሲዘረዝር አንዳቸውም የረቀቀ የሳይንስ ምስጢር የላቸውም። የበሽተኛው ቁመትና ክብደት በካርዱ ላይ አይጻፍም። ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ትናንት የበላውን ዛሬ የሚያውቅ የለም። ለምርመራ እየተባለ ቁርሱና ምሳው ይቀርበታል። ስኳርና ጨው የተቀላቀለበት ውሃ በደም ሥሩ ለብዙ ቀን እየገባለት ሌላ ምግብ ሳያገኝ ይተኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኃላፊነቱ የተበታተነ ነው። ሐኪሙ አስታማሚዋ ታየዋለች ይላል፤ አስታማሚዋ የወጥ ቤቱ ጉዳይ ነው ትላለች፤ የምግብ ባለሙያዋም ሳትታዘዝ ወደ አልጋው አትቀርብም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ብሩስ ቢስትሪያንና ጓደኞቹ በቀዶ ጥገና ክፍል ስለ ተኙ በሽተኞች ያወጡት ጥናት ነው። በአንድ የከተማ ሆስፒታል ያሉትን በሽተኞች ክንዳቸውን እየለኩና ደማቸውን እየመረመሩ ሲያዩ፣ ግማሽ ያህሉ በገንቢና በኃይል ሰጪ ምግብ እጥረት የተጎዱ ሆነው ተገኙ። በምግብ የተጎዳ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ሌላ በሽታም ቶሎ ይይዘዋል። እንግዲህ በቢላዋ የተሻለው ሕክምና በማንኪያ ጉድለት ይበላሽ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቫይታሚኖች ተለይተው ታውቀው ነበር፤ የገንቢ ምግብ ጥቅም ተጠንቶ ነበር፤ ማኅበሩም ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን፣ ማን፣ መቼ፣ ምን መዝኖ፣ የት እንደሚጽፍ፣ ከዚያስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ሥርዓት ነው።

4. አራቱ ደረጃዎች

ሥርዓቱ የመጣው በከፊል ከጎረቤት ሙያዎች በመዋስ ነው። በ1968 ሎሬንስ ዊድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የበሽተኛ መዝገብ በችግር እየተከፈለ እንዲጻፍ የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። በዚህ አጻጻፍ በመጀመሪያ በሽተኛው የተናገረው፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ያየውና የለካው፣ ከዚያ ፍርዱ፣ በመጨረሻም ዕቅዱ ይሰፍራል። የነርሶች ሙያ ደግሞ ከዚሁ ዘመን ጀምሮ ሥራውን በማጥናት፣ በማቀድ፣ በመፈጸምና በመመዘን ደረጃ አደራጀ፤ በ1973ም በሴንት ሉዊስ ከተማ ነርሶች ተሰብስበው ነርስ ራሷ ለይታ የምትሰይማቸውን ችግሮች ስም ማውጣት ጀመሩ። የአመጋገብ ባለሙያዎችም ይህን እያዩ የራሳቸውን መንገድ መፈለጋቸው አልቀረም።

ሁለተኛው ግፊት የገንዘብ ነው። ለአረጋውያን የሕክምና ወጪ የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት መድን ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ በስኳርና በኩላሊት በሽታ ለተያዙ ሰዎች የሚሰጠውን የአመጋገብ ሕክምና መክፈል ጀመረ። ከፋይ ሲመጣ ጥያቄ ይመጣል። ምን ሠራችሁ? ምን ተለወጠ? ባለሙያው ሁሉ በየራሱ ልማድ እየጻፈ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ሊነጻጸር ስለማይችል፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ከመዝገቡ ማውጣት አስቸጋሪ ነበር።

በ2003 ማኅበሩ አራት ደረጃ ያለውን የአመጋገብ ክብካቤ ሂደት ተቀበለ፤ ማብራሪያውንም ካረን ሌሲና ኤለን ፕሪቸት በማኅበሩ መጽሔት ላይ ጻፉት። የመጀመሪያው ደረጃ ማጥናት ነው፤ የበሽተኛው አበላል፣ ክብደቱና ቁመቱ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የሰውነቱ ምልክትና የኑሮው ታሪክ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ችግሩን ለይቶ መሰየም ነው። ሦስተኛው እርምጃ መውሰድ ነው። አራተኛው መከታተልና ውጤቱን መመዘን ነው።

ከአራቱ ውስጥ በእርግጥ አዲስ የነበረው ሁለተኛው ነው። ከዚህ በፊት ባለሙያው ካጠና በኋላ በቀጥታ ወደ ምክር ይዘል ነበር። አሁን ግን በመካከሉ ቆሞ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ተገደደ፤ ዐረፍተ ነገሩም ሦስት ክፍል አለው፤ ችግሩ፣ የችግሩ መንሥኤና ማስረጃው። ሐኪሙ የስኳር በሽታ ብሎ ይጽፋል፤ ይህ የበሽታው ስም ነው። የአመጋገብ ባለሙያው የሚጽፈው ግን የምግቡን ችግር ነው፤ ለምሳሌ፦ የምግብ ሰዓት መዛባት፤ መንሥኤው የሌሊት ዘብ ሥራ፤ ማስረጃው በሦስት ቀን መዝገብ ላይ ከአንዱ ምግብ እስከ ሌላው 14 ሰዓት ማለፉ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ምክሩ ራሱ ይለወጣል። ችግሩ ዕውቀት ማጣት ቢሆን ትምህርት ይበቃ ነበር፤ መንሥኤው የሥራ ሰዓት ከሆነ ግን ስለ ጣፋጭ ጉዳት አንድ ሰዓት ማስተማር ውሃ ወቀጣ ነው። ማስረጃው ደግሞ በቀጠሮው ቀን የሚመዘነውን ነገር አስቀድሞ ይነግረናል።

ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ችግሮቹን በሦስት ወገን፣ ማለትም በአበላል መጠን፣ በሰውነት ሁኔታ፣ እንዲሁም በጠባይና በአካባቢ ከፍለው የጋራ ስሞች መዝገብ አዘጋጁ። በብሪታንያም የባለሙያዎቹ ማኅበር ተመሳሳይ ሂደት አውጥቶ ማቀድንና መፈጸምን፣ መከታተልንና መመዘንንም ለየብቻ በመቍጠር ደረጃዎቹን ስድስት አደረጋቸው። የቍጥሩ ልዩነት ግን አሳቡን አይለውጠውም።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ አልተፈጸመም። ባለሙያዎች ጊዜ አይበቃንም፣ ስሞቹ ከበሽተኛው ንግግር ይልቅ ለመዝገብ የተመቹ ናቸው ብለዋል። ይህን ነቀፌታ በኋላ እንመለስበታለን።

5. የአገራችን ድርሻ

የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ረገድ ከአሜሪካው የተለየ መንገድ አለው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። በአገራችን ስለ አመጋገብ ሰፊ ጥናት የተደረገው በ1958 ከአሜሪካ በመጣ ቡድንና በኢትዮጵያውያን ትብብር ነው። በ1962 በስዊድን ርዳታ የሕፃናት አመጋገብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይህም በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ምግብ የዚህ ተቋም ፍሬ ነው። በ1968 ደግሞ የኢትዮጵያ ምግቦች የያዙትን ንጥረ ነገር የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ታተመ። ጤፍም፣ እንሰትም፣ ሽሮም በቍጥር ታወቁ። እንግዲህ ዕውቀቱ ተጀመረ።

ሆኖም በርኅብ እጅግ የተጎዳ ሕፃን ወደ ሆስፒታል ሲመጣ ምን ይሆን ነበር? ክሌር ስኮፊልድና አን አሽዎርዝ በ1996 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ዘገባዎችን መርምረው፣ በሆስፒታል ከሚታከሙት እጅግ የተጎዱ ሕፃናት ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት እንደሚሞቱ፣ ይህም ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለመሻሻሉን አሳዩ። ምክንያቱ ደግሞ አንዱ የአያያዝ ስሕተት ነበር። የተጎዳው ሕፃን ገና ሲገባ ብዙ ገንቢ ምግብ ይሰጠዋል፤ ልቡና ኩላሊቱ አይችሉትምና ይሞታል። በሌሊት ሳይመገብ ያድራል፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዝና ሳይነጋ ያርፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1999 ያወጣው መመሪያ ሕክምናውን በ10 ደረጃ ከፈለው፤ በመጀመሪያ ሕፃኑን ማሞቅና ማረጋጋት፣ ቀለል ያለ ወተት ጥቂት በጥቂት ሌሊትም ጭምር መስጠት፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ብቻ ምግቡን ማበርታት።

ቀጣዩ እርምጃ ከአገራችን ምድር ተነሣ። በ2000 በሀዲያ ዞን በበደዋቾ ወረዳ ስቲቭ ኮሊንስ የተባለው ሐኪምና ኮንሰርን የተባለው የርዳታ ድርጅት ከጤና ሠራተኞች ጋር ሆነው እጅግ የተጎዱ ሕፃናትን በቤታቸው እንዳሉ ማከም ጀመሩ። ለዚህ የረዳቸው ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራው ፕላምፒ ነት የተባለ ምግብ ነው፤ ውሃ ሳይነካው የሚበላ ስለ ሆነ በቤት ውስጥ አይበላሽም። እናቲቱ ልጇን ይዛ በየጊዜው ትመጣለች፤ ሕፃኑ ይመዘናል፤ እብጠቱ ይታያል፤ መድኃኒትና እስከ ቀጠሮው የሚያደርስ ምግብ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በ2002 በታተመው ዘገባ ከታከሙት 170 ሕፃናት ከመቶ 85 ያህሉ ሲድኑ የሞቱት ከመቶ 4 ያህሉ ነበሩ።

ይህን ውጤት ያመጣው ምግቡ ብቻ ነው ብንል ታሪኩን እናጐድለዋለን። ምግቡ የተገኘው በ1996 ነው። በደዋቾ ላይ የተጨመረው ሥርዓቱ ነው። የሚገባው በምን ልኬት እንደሚገባ፣ በየጊዜው ምን እንደሚመዘን፣ ካልጨመረ ማን እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደሚሰናበት አስቀድሞ ተወስኗል። ዘዴው በ2007 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የጋራ መግለጫ ጸደቀ። በ2008 በአገራችን ድርቅ በደረሰ ጊዜም ሕክምናው ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ። ከዚያ በኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀለም የተለየች የክንድ መለኪያ ጥብጣብና አንድ ካርድ ይዛ፣ ቀድሞ የሆስፒታል ሥራ የነበረውን በቀበሌዋ ትሠራ ጀመር። ማጥናት፣ መለየት፣ መርዳት፣ መልሶ መመዘን የሚሉት አራቱ ደረጃዎች በውጭ አገር ቋንቋ ሳይጠሩ በእርሷ ካርድ ላይ ይገኛሉ።

6. ቅጹና ሰውየው

ከላይ ወደ ተውነው ነቀፌታ እንመለስ። ቅጽ የሚሞላ ሰው በሽተኛውን አያይም የሚለው አነጋገር ከንቱ አይደለም። ቅጹ የሚጠይቀው ነገር የበሽተኛው ኑሮ ውስጥ ከሌለ የተሞላው ካርድ ሁሉ ዋጋ የለውም። ለምሳሌ በአገራችን አንድ ሰው በቀን ስንት እንጀራ እንደሚበላ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ቤተ ሰቡ ከአንድ ገበታ የሚቈርስ ከሆነ ግን የራሱን ድርሻ ቈጥሮ የሚነግረን የለም። ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ያጐርሳሉ፤ እናት ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። የሌላ አገር ቅጽ ይህን አይጠይቅም።

ሌላም አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 የማያንስ ቀን ይጾማል፤ እስላሙም ረመዳንን ይጾማል። እንበል፣ ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት አሮጊት እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትቈያለች። ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ እማማ፣ ስኳር ይተዉ፣ እንጀራ ይቀንሱ የሚል ምክር ቢሰጣት ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሊገድላት ይችላል፤ ችግሯ በጾም ሰዓት የደሟ ስኳር መውረዱ ነውና። በደረጃ የሚሠራ ባለሙያ ግን በመጀመሪያ ይጠይቃል፤ መርፌው በስንት ሰዓት ነው? የመጀመሪያው ጉርሻስ? ላብና መንቀጥቀጥ መቼ ይመጣል? ከዚያ ችግሩን ይሰይማል፤ የመርፌውና የጾሙ ሰዓት አለመስማማት። ከሐኪሙ ጋር ስለ መርፌው፣ ከእርሷና ከንስሐ አባቷ ጋር ስለ ጾሙ ይመክራል፤ ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ የምታደርገው ርኅራኄ አለና። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ መንቀጥቀጡ መቅረቱን ይጠይቃል።

ስለዚህ ሥርዓቱና ሰብአዊነቱ ጠላቶች ናቸው ብለን አናምንም። እንዲያውም ይህችን እናት ለማድመጥ የሚያስገድደው ሥርዓቱ ነው። በጨዋነትና በመልካም ፈቃድ ብቻ የተተወ ምክር፣ በሽተኛ በበዛበትና ባለሙያው በደከመበት ቀን ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ያጥራል። ቅጹ ግን በደከመበት ቀንም ጥያቄውን ያስታውሰዋል፤ ቅጹ የአገሩን ማዕድ የሚያውቅ እስከ ሆነ ድረስ።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው ሊንድ መዝኖ ነበር፤ ሁለተኛ ግን አልተመዘነም። በስኩታሪ ምግብ ቀርቦ ነበር፤ መበላቱን ግን የሚያይ አልነበረም። በ1974 ሆስፒታሎቹ ሁሉ ነገር ነበራቸው፤ ክብደቱን ግን የሚጽፍ አላገኙም። በበደዋቾ ደግሞ ጥብጣብ፣ ሚዛንና ካርድ በአንድነት ሲሠሩ ይሞታሉ የተባሉት ሕፃናት ዳኑ።

በአገራችን ሆስፒታሎች የአመጋገብ ምክር አብዛኛውን ጊዜ በነርሱና በጤና መኮንኑ ትከሻ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። ከዚህ ጥናት የተነሣ የምናቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየተኝቶ መታከሚያው ክፍል የሚሠራ ሚዛን ይኑር፤ የገባው ሁሉ በገባበት ቀንና በየሳምንቱ ይመዘን። በካርዱ ላይ ለምግብ ችግር፣ ለመንሥኤውና ለማስረጃው አንድ መስመር ይተው። ምክር ሁሉ የመመለሻ ቀን ይኑረው፤ በዚያም ቀን የተጻፈው ማስረጃ እንደ ገና ይታይ። የጥያቄዎቹ ቅጽ ከውጭ ተገልብጦ የመጣ ሳይሆን የእኛን ገበታ፣ የእኛን ጾምና የእኛን የገበያ ዋጋ የሚያውቅ ይሁን፤ ይህንንም ማዘጋጀት የሕክምናና የሥነ ምግብ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

ለበሽተኛ መልካም ቃል መናገር ደግ ነገር ነው። ቃሉ ሥጋ ሆኖ በሰውነቱ ላይ መታየቱን ግን የሚነግረን ሚዛኑ ነው፤ ሚዛኑ የነገረንንም ለነገ የሚያቈይልን ካርዱ ነው።